ማንገቻ የሌለው ቢሉም

ሄራን ተፈሪ ለሁሉም ነገር ቅጽ አላት። ሥራዋ ነው። ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ካሉት ሙዚየሞች በአንዱ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ነጭ ክፍል ውስጥ፣ ከጨርቅና ከክር የተሠሩ አሮጌ ዕቃዎችን ትመረምራለች። ወርዳቸውን ትለካለች፣ ቀዳዳቸውን ትቆጥራለች፣ ከዚያ አምስት ሣጥን ያለውን ቅጽ አውጥታ ትሞላለች፤ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ ያለበት ሁኔታ፣ ጉዳት፣ ማስታወሻ። ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ የመጨረሻውን ሣጥን ባዶ ትታው ኖራለች። ተለክቶ ካለቀ በኋላ ምን የሚጻፍ ነገር ይተርፋል?

ሣጥኑ መሞላት የጀመረው ካውፓ ከመጣ ወዲህ ነው።

አንድ ሀብታም ሰው ሲሞት ስልሳ ሁለት ቦርሳ ለሙዚየሙ ያወርሳል። ሁሉም ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ አገር የመጡ ናቸው፤ እዚያ ሴቶች ከዛፍ ልጥ ክር አክርረው፣ ቀለበት በቀለበት አያይዘው የሚሠሯቸው፣ ቢሉም የሚባሉ ቦርሳዎች። ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ቢሉም የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ከዚያው አገር፣ ሲምቡ ከሚባል ተራራማ ቦታ፣ ጆሴፍ ካውፓ የሚባል የሠላሳ አምስት ዓመት ባለሙያ ለስድስት ወር ተጋበዘ። አጠር ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከመናገሩ በፊት ረጅም ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። ጋርዴና ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየ። በየማለዳው ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ከሄራን ቀድሞ ይደርስ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሄራን ጓንቷን አጥልቃ፣ ቁጥር አንድን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «ወርድ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር፣ በሳንቲሜትር ሦስት ቀለበት» እያለች በእንግሊዝኛ ትመዘግባለች። ካውፓ ቦርሳውን ወደ መብራቱ አነሣና ዝም ብሎ አየው።

«ይቺ ሴትዮ ግራኝ ናት» አለ።

«ከምኑ አወቅህ?»

«ቀለበቶቹ የተጋደሙበትን አቅጣጫ እይ። እዚህ ጋ ስትደርስ ደግሞ አርግዛለች።»

ሄራን የሚቀልድባት መስሏት ቀና አለች። አይቀልድም። «ክሩ የሚከረረው ጭን ላይ ነው» አላት። «ሆዷ ሲገፋ እንደልቧ ማጎንበስ አትችልም፤ ክሩ ይወፍርባታል። እዚህ ደግሞ ተመልሶ ቀጠነ። ወልዳለች ማለት ነው።»

ሄራን አጉሊ መነጽሯን አውርዳ ቆጠረች። ከአሥራ አንደኛው ረድፍ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክሩ በእርግጥም ወፍሮ ነበር። ቅጹን ሳብ አደረገችና ማስታወሻ በሚለው ሣጥን ውስጥ «ሠሪዋ ግራኝ ናት። በመካከሉ ልጅ ወልዳለች» ብላ ጻፈች። ስትጽፍ ፊቷን ለምን እንደሞቃት አልገባትም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ ማለቂያ አጣ። ሕፃን ቢሉም ውስጥ እንዴት ይተኛል? ቤቱ ማገር ላይ ይንጠለጠላል፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ገፋ ያደርገዋል። ማንገቻውን ለምን ግንባራቸው ላይ ያደርጉታል? እጃቸው እንዲፈታ፤ ስኳር ድንቹ በአንዱ፣ እንጨቱ በሌላው፣ ልጁ ከላይ በሦስተኛው ይሆንና እየሄዱም ሌላ ቢሉም ይሠራሉ። ባል የሞተባትስ ሴት? የዛፍ ፍሬ ዶቃ በብዙ ድርድር አንገቷ ላይ ታስራለች፤ ቀን በሄደ ቁጥር አንድ አንድ ድርድር ታወልቃለች፤ የመጨረሻው ሲወልቅ ሐዘኑ አበቃ። «ስንት ድርድር?» አለች ሄራን፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ። ካውፓ ሳቀ። «አንቺ ብቻ ነሽ ይህን የጠየቅሽኝ» አላት።

እሱም በበኩሉ ይጠይቃል። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ፌርፋክስ ጎዳናን ይዞ ወደ ታች ይወርድና ከእትዬ ፅጌ የሐበሻ ሱቅ ቅመም ይገዛል፣ ሲመለስ ያየውን ይነግራታል። «እሺ የምትሉት ቃል አራት ዓይነት ነው» አላት አንድ ቀን። «አንደኛው እሺ፣ ሁለተኛው በኋላ፣ ሦስተኛው ዝም በል፣ አራተኛው እምቢ።» ሄራን ተወልዳ እስከ ዐሥራ አራት ዓመቷ ያደገችበትን፣ ከዚያም በዲቪ ከወላጆቿ ጋር ይዛው የመጣችውን ቃል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ዕቃ አገላብጣ አየችው። የሚያያትን ሰው ማየት እንዴት ደስ እንደሚል አልጠረጠረችም ነበር።

በአራተኛው ወር አንድ ረቡዕ ፌርፋክስ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የጾም ምሳ ጋበዘችው። በአጋጣሚ አባቷ ገቡ። ጋሽ ተፈሪ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን እዚያው ሰፈር አንድ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ባልድዊን ሂልስ ግርጌ ባለችው አፓርትማ ከልጃቸው ጋር ሁለት ብቻ ናቸው። እጃቸውን ታጥበው ከማዕዱ ቀረቡና እንግዳውን ከጫማው ጀምረው አዩት።

«በአገርህ ልጅ ስትዳር የወንዱ ወገን ምን ይሰጣል?» አሉት በእንግሊዝኛ፣ በሦስተኛው ጉርሻ ላይ።

ካውፓ አላመነታም። «አሳማ» አለ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች መብላታቸውን አቆሙ።

«ስንት?»

«እንደ ልጅቷ ነው። እንደ ሄራን ለተማረች ከሠላሳ አያንስም።»

ጋሽ ተፈሪ ሽሯቸውን ጎረሱ፣ በደንብ አላመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በአማርኛ፣ «ንገሪው፣ ፍሪጃችን ትንሽ ነው» አሏት።

ሄራን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትተረጉምለት ካውፓም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን የሚያየው አባቷን ሳይሆን እሷን ነበር። ጋሽ ተፈሪ ይህን አላለፉትም። ማታ ወደ ቤት ድራይቭ ሲያደርጉ ሦስት መብራት አልፈው ጀመሩ።

«ልጁ ጨዋ ነው።»

«ነው አባዬ።»

«ግን ማን ያውቀዋል? እዚህ አገር አንድ ሰው የለውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንቺማ ትወጂዋለሽ። እሱ ሌላ ነው።» ፍሬቻ አበሩ። «አይሆንም አላልኩም። ወግ ባለው መንገድ የሚናገርለት ሰው ይላክ። ሰው የሌለው ሰው ግን ልጄን ይዞብኝ ባሕር አይሻገርም።»

ሄራን ከመኪናው ወርዳ ደረጃውን ስትወጣ የአባቷ ሁለተኛ ነገር አልተሰማትም። የሚያስተጋባባት የመጀመሪያው ነበር። ትወጂዋለሽ። እሷ በየትኛውም ሣጥን ያልጻፈችውን አባቷ መሪ ይዘው አንብበውታል።

የስልሳ ሁለተኛው ቦርሳ ቅጽ የተዘጋ ዕለት ካውፓ ከገዛ ሻንጣው ውስጥ ሌላ አወጣ። ቁጥር የሌለው ቢሉም ነው። ሆዱ ሞልቶ ተሠርቷል፣ አፉ ግን እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ማንገቻ የለውም። ጠርዙ ላይ ቀጭን ሽቦ እንደተሰካ አለ፤ ውስጡ ደግሞ ገና ያልተከረረ ደረቅ ልጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«የእናቴ ነው» አለ። «ሽቦው የጃንጥላ ነው። አባቴ የሰበረውን ጃንጥላ ሽቦ ስላ መርፌ አደረገችው። ከሞተች አራት ዓመቷ።»

ሄራን ጓንቷን ለማጥለቅ እጇን ዘረጋች። ካውፓ ጓንቱን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ገፋው።

«አራት እህቶች አሉኝ። ሊጨርሱት ሲሉ ከለከለቻቸው። ማንገቻውን የምትሠራው የካውፓ ሴት ናት ብላ ነው የሞተችው።» ቦርሳውን ወደ እሷ አስጠጋ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሄራን፣ ማንገቻውን ትሠሪለታለሽ?»

ሄራን ዐሥራ ስምንት ዓመት የተናገረችው እንግሊዝኛ ድንገት ጥሏት ጠፋ። ሕፃን ሳለች እናቷ «መጣሽ?» ሲሏት እንደምትመልሰው፣ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ መለሰችለት።

የካውፓ ፊት ደመና እንደመታው ሜዳ ጠቆረ። እጁን ሰበሰበ። «ሶሪ» አለ። ቢሉሙን በጨርቁ ጠቀለለ፣ ሻንጣው ውስጥ ከተተ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ሶሪ፣ ሄራን» ብሎ ወጣ።

ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ወዲያው ተጸጸተ። ሄራን ቅደም ተከተሉን ደጋግማ መረመረችው፤ ሌላ ንባብ አላገኘችለትም። በማግስቱ ካውፓ በጨዋ ሰላምታ ገባ። እሷም በጨዋ ሰላምታ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ክፍሉ እርጥበት መጠን ብቻ አወሩ።

ስድስት ወሩ አልቆ ካውፓ ቅዳሜ ወደ አገሩ ይሄዳል። ሐሙስ ጠዋት ሄራን ስትገባ ወንበሩ ባዶ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ያ ማንገቻ የሌለው ቢሉም ተቀምጧል። ከሥሩ አንድ ቅጽ አለ፤ በእሱ እጅ ጽሑፍ፣ አምስቱም ሣጥን ተሞልቶ።

የዕቃው ስም፦ ቢሉም። የእናቴ ሥራ።

የተሠራበት ነገር፦ የልጥ ክር፣ በጭን የተከረረ። የጃንጥላ ሽቦ፣ አንድ።

ያለበት ሁኔታ፦ ያላለቀ።

ጉዳት፦ ዕቃው ላይ የለም።

ማስታወሻ፦ አንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት ቀርቧል። ሴትየዋ ደንግጣ ትንፋሿን ሳበች፤ በአገሬ እንዲያ የሚተነፍሰው እባብ የረገጠ ሰው ነው። ጥፋቱ የጠያቂው ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ ለብቻው ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም፤ ወገኖቹ ናቸው የሚናገሩለት። እኔ እዚህ ወገን ስለሌለኝ ራሴ ተናገርኩ፣ አስፈራኋት። ይዤው ብመለስ እህቶቼ አይተው ይጠይቁኛል፤ የምመልስላቸው የለኝም። እዚህ ይቀመጥ። እርጥበቱን ሃምሳ በመቶ ላይ ጠብቂለት።

ሄራን አንድ ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛ ስታነበው «ትንፋሿን ሳበች» የሚለው ላይ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቀስ ብላ፣ ለብቻዋ፣ ደገመችው፤ ያቺን አጭር፣ ወደ ውስጥ የምትገባ ትንፋሽ። የዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ሰው የሠራውን ምልክት ማንበብ ነው። የገዛ ራሷን ምልክት ግን አይታው አታውቅም። ለዚህ ሰው አዎ ብላዋለች፤ የዚያን ያህል ከልቧ ስለሆነ በእንግሊዝኛ መውጣት አቃተው፣ በአማርኛም መውጣት አቃተው፣ ከሁለቱም በታች ካለ ቦታ ወጣ። እሱም እባብ የረገጠች መሰለው። መሳቅም ማልቀስም እኩል መጡባት።

ደወለችለት፤ ካውፓ ስልኩን አያነሣም። ግን ሐሙስ ነው። ሄራን ዕቃ ሳታሽግ ከክፍሉ አውጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ቢሉሙን ጃኬቷ ሥር ሸጉጣ ፌርፋክስን በእግሯ ወረደች። ኦሎምፒክ ጎዳና መገናኛ ላይ ቀይ መብራት ሲይዛት፣ ከልጥ ክሩ የሚመጣውን የጭስና የአፈር ሽታ ሰማች፤ የማታውቃት ሴትዮ አብራት የምትቸኩል መሰላት።

የእትዬ ፅጌ ሱቅ ጠባብ ነው፤ ቅመም፣ ነጠላ፣ የጾም ብስኩት፣ የገና ካርድ ከዓመት ዓመት። ካውፓ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ለእህቶቹ ሚጥሚጣ ያስመዝናል። ሄራንን ሲያይ ወደ በሩ የሚሸሽ ይመስል አንድ እግሩን አነሣ።

«ቁም» አለችው በእንግሊዝኛ። ትንፋሽ አጥሯት ወደ ባለሱቋ ዞረች፤ በአማርኛ ጠየቀች። «እትዬ ፅጌ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል?»

እትዬ ፅጌ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሡ ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው «ህእ» አሉ።

«ሱቁ ነገም ክፍት ነው?»

«ህእ።»

«ልጅዎ ፋኑኤል ሥራ ገባ?»

«ህእ፣ ተመስገን። ምን ሆነሻል አንቺ ዛሬ? ኢሚግሬሽን ሆንሽብኝ እኮ።»

ሄራን ወደ ካውፓ ዞረች። «ሐሙስ ነው ወይ፣ ሱቁ ይከፈታል ወይ፣ ልጅሽ ሥራ አገኘ ወይ ብዬ ነው የጠየቅኋት። ደነገጠች?»

ካውፓ ባለሱቋን እንደ ቢሉም አያት፤ በዝግታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። «አስም አለባት» አለ። «ስድስት ወር ሙሉ አስም ያለባት ይመስለኝ ነበር። ሐኪም ልነግርላት ሁሉ አስቤያለሁ።»

«አዎ ማለቷ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ሁላችንም።»

 ሄራን በካውፓ ፊት ላይ ሦስቱ ሳምንታት አንድ በአንድ ሲገለበጡ አየች፤ ሰላምታው፣ እርጥበቱ፣ ባዶው ወንበር።

«ታዲያ አንተስ ለምን ሶሪ አልከኝ?» አለችው። «የተጸጸትክ መስሎኝ እኮ ነው።»

«በእኛ አፍ ሶሪ ይቅርታ ብቻ አይደለም። አዘንኩልሽም ሶሪ ነው። ናፈቅሽኝም ሶሪ ነው። አንጀቴን በላሽውም ሶሪ ነው።»

ሄራን ቢሉሙን ከጃኬቷ ሥር አውጥታ ከሚጥሚጣው አጠገብ አስቀመጠችው። «ደግመህ ጠይቀኝ።»

ካውፓ ከንፈሩን አረጠበ። «ማንገቻውን ትሠሪለታለሽ?»

ሄራን ዓይን ዓይኑን እያየች ትንፋሿን ሳበች። በዚህ ጊዜ አውቃ፣ ቀስ ብላ፣ ሁሉም ቀለበት እንዲታይ አድርጋ።

እትዬ ፅጌ ሚዛናቸውን ትተው ነበር። «ምን ብሎሽ ነው?» አሉ። ሄራን ነገረቻቸው፤ የአባቷንም ቃል ጨመረች። እትዬ ፅጌ በወረቀት ፎጣ እጃቸውን ጠረጉ።

«ሶ፣ ሰው ይላክ ነው የሚሉት ጋሽ ተፈሪ። ሰው የለውም ነው?»

«የለውም እትዬ።»

«እኔ ምንድን ነኝ? ስድስት ወር ሐሙስ በመጣ ቁጥር እዚህ ቆሞ ስለ አሳማና ስለ ስኳር ድንች የሚያወራው ከማን ጋር መሰለሽ?»

«ሴት ሽማግሌ ደግሞ የት ታይቶ ያውቃል?» አለች ሄራን።

«ወንዶቹ ኡበር ላይ ናቸው። ነገ ዐሥር ሰዓት ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ። ይሄ ልጅ ሸሚዙን ይተኩስ።»

ሄራን እስክትተረጉምለት እንደ ሕፃን የሚጠብቃትን ካውፓን አየችው። ምን እንደተባለ ልትነግረው ስትል ደስታ ምላሷን ያዘው፤ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋረጠች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ፅጌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ካውፓን ከኋላቸው አስከትለው፣ ባልድዊን ሂልስ ግርጌ ያለችውን አፓርትማ በር አንኳኩ። ሄራን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። መግባትም መውጣትም ወግ አልመሰላትም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ ተፈሪ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ እትዬ ፅጌ።

ጋሽ ተፈሪ ሁለቱንም አዩ። «ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አብሮ ይመጣል እንዴ ፅጌ?»

«ነገ በረራ አለው ጋሽ ተፈሪ። ቀጠሮ ይሰጠን እያልኩ የምመላለስበት ጊዜ የለኝም። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልናገርና ይስሙኝ። ባለፈው የበርበሬ ጆንያ ይዤ ወደቅሁ። ሱቁ ሙሉ ቀላ። ከስተመሩ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ሲያነሣ ይሄ ልጅ ተንበርክኮ በርበሬዬን በማንኪያ ለቀመልኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ። በማግስቱ መጥቶ ከባንኮኒው ሥር የቀረችውንም አወጣት። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

ጋሽ ተፈሪ ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ካውፓ ዞረው በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

«ጥሩ ሰው ነህ፤ ሰማሁ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ዛሬ አንተ እዚህ ሰው የለህም። ነገ ልጄ አንተ አገር ስትሄድ ሰው የሌላት እሷ ትሆናለች። ያኔ ማን ይናገርላታል?»

ሄራን የበሩን ጠርዝ ያዘች። ይህን ጥያቄ እሷ ራሷ በሌሊት እንኳ ጠይቃው አታውቅም።

ካውፓ ቢሉሙን አውጥቶ በሁለት እጁ ለአባቷ ሰጠ። «አራት እህቶች አሉኝ» አለ። «እነሱ ሰው በንግግር አይቀበሉም። ቢሉሟን ያያሉ። እናቴ ያቆመችበትን ያውቃሉ፣ ሄራን የጀመረችበትን ይፈልጋሉ። አብሮ የተከረረ ከሆነ እህታቸው ናት፤ ማንም ቢናገራት አራት ሴቶች ይነሡበታል። እኔም ብናገራት።»

ጋሽ ተፈሪ ቦርሳውን ተቀበሉ። ጣታቸው ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ያልተከረረውን ልጥ አግኝቶ ነበር። አወጡት፣ አሸቱት፣ በአውራ ጣታቸው ሰነጠቁት።

«ቃጫ ነው?» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

«የዛፍ ልጥ ነው አባዬ» አለች ሄራን ከበሩ።

ጋሽ ተፈሪ ያደጉት ጉራጌ አገር፣ እንድብር አካባቢ ነው። እንሰት ጓሮ ውስጥ፣ ከቃጫ ገመድ ከሚገምዱ ወንዶች መካከል። ሄራን ይህን በቃል ታውቃለች፤ አይታው ግን አታውቅም። አባቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሱሪያቸውን እግር እስከ ጭናቸው ሰበሰቡ። ሁለት የልጥ ዘለላ ባዶ ጭናቸው ላይ ጋደም አድርገው፣ መዳፋቸውን እንትፍ ብለው፣ ወደፊት አንከባለሉት። ከዚያ ወደ ኋላ። ልጡ ተጠማዘዘ፣ ክር ሆነ። ታክሲ ነድቶ፣ ትኬት ቆርጦ ያረጀው እጅ ሃምሳ ዓመት ያልሠራውን ሥራ አንድም ሳይስት ያዘው።

ካውፓ ተንበርክኮ በቅርብ ያያል። ዓይኑ ፈጦ ነበር።

«በእኛ አገር ይህ የሴት ሥራ ነው» አለ።

«በእኛ አገር የወንድ ነው» አሉ ጋሽ ተፈሪ ሳያቆሙ። «ሶ፣ ምን ይሻላል?»

ካውፓ አሰበ። «እናቴ ማንገቻውን ሴት ትሥራው ነው ያለችው» አለ በመጨረሻ። «ክሩን ማን ያክርረው አላለችም።»

የጋሽ ተፈሪ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሄራን ያለቀሱ መስሏት አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እየሳቁ ነበር። እናቷ ከሞቱ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲያ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። አባቷ አዲሱን ክር ይዘው የድሮውን ጫፍ ፈቱት፤ የሟቿን ሴትዮ ክር በጥንቃቄ በተን አድርገው የራሳቸውን መሐሉ ላይ አስገቡ፣ አብረው አንከባለሉት። ቋጠሮ የለውም። ሄራን ከቆመችበት የት እንደተጋጠመ ለይቶ የሚያሳይ ነገር ፈለገች፤ ዓይኗ ተጨናብሶ አላገኘችውም።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል ማንገቻው?»

«ለጀማሪ ስድስት ወር» አለ ካውፓ።

«ጥሩ። ስድስት ወር እኔ አከርራለሁ፣ እሷ ትሠራለች። ሲያልቅ ከእህቶችህ አንዷን ይዘህ ትመጣለህ። ሰው ከዚያ ወገንም ይምጣ፤ ፅጌ ብቻዋን አትልፋ። አሳማ ግን አይመጣም።»

«አንድም?» አለ ካውፓ።

«አንድም።»

እትዬ ፅጌ አሁን ተቀመጡ። ካውፓ ግን ከጉልበቱ አልተነሣም። አንድ ጊዜ ተሳስቶ ሦስት ሳምንት የከፈለ ሰው ነው፤ ያልተባለን ነገር እንደተባለ አይወስድም። ሸሚዙን አቃና። የተኮሰው ሸሚዝ አንድ እጅጌው ላይ በስሱ ተቃጥሎ ነበር።

«ጋሽ ተፈሪ፣ ስመለስ ልጅዎን ይሰጡኛል?»

አባቷ አንገታቸውን አላነሡም። መዳፋቸው ክሩን ወደፊት አንከባለለ፣ ወደ ኋላ መለሰ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ሄራን ቅጽ ሞልታ ባወቀችው ልክ ይህን ክፍል ልትይዘው ሞከረች፤ የልጡን ጭስ ጭስ የሚል ሽታ፣ የተቃጠለውን እጅጌ፣ የአባቷን ባዶ ጭን፣ የጃንጥላውን ሽቦ። የሚለካ ነገር አለቀባት።

ጋሽ ተፈሪ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። አጭር ነበረች፤ ልብ ያላለ ሰው አይሰማትም።

እትዬ ፅጌ ሊተረጉሙ አፋቸውን ከፈቱ። ካውፓ እጁን በትሕትና አነሣ።

«ገብቶኛል» አለ በአማርኛ። ማን እንዳስተማረው እሷ አታውቅም። ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆመችውን ሄራንን አያት፤ ሄራንም ከመቼ ጀምሮ እንደያዘችው የማታውቀውን ትንፋሽ ለቀቀችው።